ያልሸተተው አንሶላ

ታናሽ እህቴን «ቧንቧ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሌሊት ከተከፈተች የሚዘጋት የለማ! ድሮ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። እማዬ ከሆስፒታል ስትመለስ ግን «በቃኝ፣ እኔ ዋናተኛ አይደለሁም» ብዬ ትራሷን አስይዤ ወደ እማዬ አልጋ አባረርኳት። አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው፤ ቦታው ባዶ ነበር።

እማዬ መንታ አርግዛለች። ሁለቱ አንድ የእንግዴ ልጅ ይጋራሉ፤ የደም ስሮቻቸው ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ደም ይወስድበት ነበር። ወሳጁ በውሃ ተጥለቅልቆ ይንሳፈፋል፤ የሚወሰድበት ደርቆ ጥግ ላይ ተለጥፏል። እኔ ሆዳሙና ምስኪኑ አልኳቸው።

«አንቺ ምላሳም፣ ሳይወለዱ ስም አወጣሽላቸው?» ብላ እማዬ ሳቀች።

ሐኪሟ በሆዷ ቀጭን ቱቦ አስገብታ የተገናኙትን ስሮች በሌዘር ዘጋቻቸው። ስንወጣ እኔን ጭምር አስቁማ፣ «ቱቦው የገባባት ቀዳዳ ትንሽ ናት፤ ግን አንዳንዴ አትደፈንም። ውሃ ካያችሁ፣ ጠብታም ብትሆን፣ ወዲያው ኑ» አለችን።

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት መቼ ይከብደኛል!

ሰኞ ጠዋት የእማዬን አንሶላ ረጥቦ አገኘሁት።

«አንቺ ቧንቧ! እዚህም ለቀቅሽው?»

«እኔ አይደለሁም» አለች ዓይኗን እያሸች።

«እና ማነው? ሆዳሙ ነው?»

«ቀሚሴ ደረቅ ነው፤ ንኪው!»

አልነካሁትም። እማዬም «ተያት፣ ልጅ ናት። እኔንም አረጠበችኝ» ብላ ልብሷን ቀየረች።

የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ትምህርቱን ቶሎ ተገላገልኩት፤ በእድፍ ግን የሚችለኝ የለም። ዘይት ይሁን፣ ደም ይሁን፣ ትውከት ይሁን፣ አንዴ አሽትቼ በምን እንደሚለቅ እናገራለሁ። አለቃችን እትዬ «የዚህች ልጅ አፍንጫ ለብቻው ደመወዝ ይገባዋል» ትላለች። ከሆቴሎች ከሚመጣልን አንሶላ ጋር የቤታችንን ብንሰነቅርም አይታ እንዳላየች ታልፈናለች።

ያን ቀን የእማዬን አንሶላ ይዤ ሄድኩ። እንደ ልማዴ አሸተትኩት። የሕፃን ሽንት ሲቆይ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ይሄ አይቆነጥጥም፤ ለስለስ፣ ጣፈጥ ይላል። ቢጫ ዳርም የለውም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ እትዬ።

«የእህቴ ሽንት። ዛሬ ጨዋ ሆኖ ነው የመጣው።»

ሁላችንም ተንከተከትን። አንሶላውን ከትቼ የማሽኑን በር ዘጋሁት።

ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ደግሞ ብሶብኝ፣ የጎረቤት ልጆች እያዩ አንሶላውን ዘርግቼ «የእህቴን የእጅ ሥራ ተመልከቱልኝ!» አልኩ። ልጆቹ ጮሁባት። እሷ አላለቀሰችም። ማታ ግን ውሃ ስሰጣት ብርጭቆውን በመዳፏ ገፋችው። ሾርባም አልቀመሰችም። ከንፈሯ ደርቆ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት አንሶላው ብቻ ሳይሆን ፍራሹ ሁሉ ርሷል።

አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ብርጭቆው ትዝ አለኝ። ውሃ ያልጠጣች ልጅ ይሄን ሁሉ ከየት ታመጣለች? እጄን ሰድጄ ቀሚሷን ነካሁ። ደረቅ ነው። ብርድ ልብሱን ስገልጠው የእማዬ ቀሚስ ከወገቧ በታች ይንጠባጠባል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ያኔ ነው የጮህኩት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ «መቼ ጀመረሽ?» አለቻት።

«ዛሬ ጠዋት» አለች እማዬ።

እህቴ የአልጋውን ብረት ይዛ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። «ሰኞም እኔ ነኝ። ሽንቴ ነው። ሕፃናቱን አበላሸኋቸው?»

ሦስት ቀን ሙሉ አይደለሁም ስትል የኖረች ልጅ! ደጋግሜ ነግሬ አሳመንኳት። ዝም ብል ነገሩ እሷ ላይ ያበቃ ነበር።

«እሷ አይደለችም» አልኩ እንደምንም። «ከሰኞ ጀምሮ ነው። አሽትቼዋለሁ። ሽንት እንዳልሆነ አፍንጫዬ ነግሮኛል።»

እማዬ ዞራ አየችኝ። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ከሰኞ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው» ብላ ነርሷን ጠርታ መድኃኒት አዘዘች፤ አልትራሳውንዱንም እማዬ ሆድ ላይ አሳረፈች። የምስኪኑ ልብ ይመታል። የሆዳሙም ይመታል፤ ውሃው ግን አልቋል። አሁን ደርቆ ጥግ የያዘው እሱ ነው። ያን ስም ያወጣሁለት አፍ ምነው በተዘጋ!

ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ተከተልኳት። «ሰኞ ብንመጣ ቀዳዳው ይደፈን ነበር?»

«ላይደፈንም ይችላል» አለች። «ግን የኢንፌክሽን መከላከያውን መድኃኒት ከሰኞ ጀምሮ ታገኝ ነበር። አሁን ኢንፌክሽን ካልገባ እንጠብቃለን፤ ከገባ መጠበቅ የለም። ለመወለድ ደግሞ ገና ናቸው።»

እማዬን እዚያው አስተኟት። ቤት ስንገባ እህቴ ትራሷን አቅፋ በባዶው አልጋና በእኔ አልጋ መሃል ቆመች።

«ነይ፣ ከእኔ ጋር ነው የምትተኚው።»

«አረጥብሻለሁ።»

«አርጥቢኝ።»

ውሃ ቀዳሁላት። መጀመሪያ ፊቴን አየች፤ የምስቅ መስሏት። ከዚያ ጠጣች፣ ጨረሰችው፣ ድገሚኝ አለች።

ጠዋት ቀሚሴ ጎኔ ላይ ተጣብቆብኝ ነቃሁ። አጎንብሼ አሸተትኩ። ያ የማውቀው፣ አፍንጫ የሚቆነጥጠው።

«እኔ ነኝ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አንቺ ነሽ።»

ስድቡን ጠበቀች። ከሆስፒታል የደወለ እንዳለ ስልኬን አየሁ፤ የለም። አንሶላውን ገፍፌ ደረቁን አነጠፍኩላትና ሌላ ውሃ ልቀዳላት ሄድኩ።