የመጠየቂያ ክፍሉ መረብ

አባቷ ወንፊት ሠሪ ስለነበሩ ሰፈሩ ሁሉ «ወንፊት» ይላታል። በልጅነቷ መቀለጃ ነበር፤ እያደር ግን ቅጽሉ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ውጦት ቀረ። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የወንፊቱን ሥራ ፋብሪካ ሲወስድባት ወደ ጌጥ መረብ ዞረች፤ ሽቦ እየጠመዘዘች፣ አበባና ቅጠል እያወጣች፣ የጥንት ሕንፃዎችን መስኮትና ደረጃ ታለብሳለች። በከተማው ይህን በእጁ የሚሠራ ሌላ ሰው አልተረፈም። ሌላው ቢሆን ደረቱን ይነፋበት ነበር፤ እሷ ግን ሥራ በመጣ ቁጥር «ምነው አንድ ሰው እንኳ በኖረና ወደሱ በላክኋቸው» ትላለች። የቀኝ አውራ ጣቷ ከታጠፈ አይዘረጋም፣ ከተዘረጋ አይታጠፍም።

አንዲት የእድሳት መሐንዲስ ወደ ወንፊት የመጣችው እንዲህ ሁሉ ነገር በታከታት ሰሞን ነው። የድሮው እስር ቤት ታድሶ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ነው፤ ፊቱ በጥርብ ድንጋይ ያማረ፣ ከውጭ ላየው እስር ቤት የማይመስል ሕንፃ።

«እትዬ፣ የቀረን የመጠየቂያ ክፍሉ ብቻ ነው» አለች መሐንዲሷ፣ ቁራጭ የናስ ሽቦ ከወረቀት እየፈታች። «እስረኛውንና ጠያቂውን የሚለየው መረብ። እስር ቤቱ ሲዘጋ ነቅለው ለብረት አቅላጭ ሰጥተውታል። ግድግዳው ውስጥ ተቀብራ የተረፈችው ይቺ ስንዝር ናት።»

«ፎቶ የለም?»

«አንድ አለ፤ እሱም ጉም ነው። ከራሳችን ፈጥረን መሥራት ደግሞ አይፈቀድልንም፤ የነበረው ነው መመለስ ያለበት። ካልተቻለ የተበሳሳ ላሜራ ይለጠፍበታል።»

ወንፊት ቁራጯን ተቀበለች። ክፍሉን እንደምታውቀው አልተናገረችም።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሟ ከሚጠብቀው መጋዘን ዕቃ ተዘርፎ እሱ ተያዘ። አራት ዓመት ከታሰረ በኋላ እውነተኛው ሌባ በሌላ ጥፋት ተይዞ ሁሉን ሲለፈልፍ፣ «በል ውጣ» ተብሎ ወጣ። እናታቸው በየሳምንቱ ቅዳሜ እየሄዱ ጠይቀውታል፤ እሱ በተፈታ በዓመቱ ዐረፉ። ወንፊት የሄደችው ሦስት ጊዜ ነው። ዛሬ ወንድሟ የትምህርት ቤት ደወል ደዋይ ሆኖ ከእሷው ጓሮ ባለች ክፍል ይኖራል። አብረው ይበላሉ፤ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ይነጋገራሉ፤ በጎረቤት ይስቃሉ። ስለ እስር ቤቱ ግን በዚያ ቤት ትንፍሽ ተብሎ አያውቅም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቁራጯ ጋር ታገለች። ሦስት ናሙና ሠራች፤ ሦስቱም ዓይን አልሞላ አሉ። የሽቦው አካሄድ ከአንዱ አበባ ወደሚቀጥለው ሲሻገር የት እንደሚገባ ስንዝሯ አትናገርም። አንድ ቀን ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀመጠች። መተው አማራት። ላሜራ ይለጠፍበታ፣ ምን አገባኝ!

ምሳ ሰዓት ላይ ግን ወንድሟ ሲመጣ ከአፏ አመለጣት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ካልፈለግህ ተወው።»

«ጠይቂ።»

«የመጠየቂያ ክፍሉ ሽቦ... አበባው እንዴት ያለ ነበር?»

ወንድሟ የያዘውን ጉርሻ ቀስ ብሎ አኝኮ ዋጠ። ተነሣ፣ እጁን ታጠበ፣ ወደ ደወሉ ተመለሰ። ማታም በማግስቱም ራቱን በልቶ በጊዜ ወደ ክፍሉ ገባ። «ምላሴን በቆረጠው» እያለች ከራሷ ጋር ስትጣላ ሦስት ቀን አለፈ።

በአራተኛው ቀን፣ ትምህርት በማይኖርበት ቅዳሜ፣ ሳትጠራው ሥራ ቤቷ በር ላይ ቆመ። ሦስቱን ናሙና አንድ በአንድ አነሣና አየ።

«ይሄ አበባ ነው?»

«ምን ይመስላል ታዲያ?»

«ሸረሪት። ያውም የተረገጠ።»

ሳቋ አመለጣት። እሱ አልሳቀም። ጠመኔ ጠየቃት፤ ሰጠችው። ጉልበቱን እየደገፈ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ መሣል ጀመረ። እጁ አላመነታም። ለአራት ዓመት በየሳምንቱ፣ እናቱ እስኪመጡና ከሄዱም በኋላ ዘቡ እስኪወስደው፣ ዓይኑ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር።

«ስድስት ቅጠል ነው። ከግራ የሚመጣው በላይ አይሄድም፤ ከሥር ያልፋል። አየሽ? አራት አበባ እንዲህ ይሄዳል። በየአምስተኛው ላይ ግን አምስት ቅጠል ብቻ ነው ያለው።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። ሠሪው አራት ሲጨርስ እየደከመው ይሆናል።» ጠመኔውን አስቀመጠ። «እማዬ ሁልጊዜ የመጀመሪያው አምስተኛ ጋ ነበር የምትቆመው። ቅጠሉ በጎደለበት ትንሿ ጣቷ ትገባላት ነበር፤ እስከ መጀመሪያው አንጓ። ከዚያ ወዲያ አታልፍም።»

ወንድሟ ወለሉን እያየ ጨመረ።

«አንቺ ሦስት ጊዜ መጣሽ።»

«ሦስት ጊዜ።»

«ስትመጪም ፊቴን አላየሽኝም። ሽቦውን ነበር የምታዪው። እንዲያ አፍጥጠሽ ያየሽው ነገር እንዴት ይጠፋሻል?»

ሰበብ አልጠፋትም። የአባታቸው ሕመም ነበር፣ የቆመ ሥራ ነበር። ግን ሰበብም ጉልበት ይፈልጋል።

«ፈርቼ ነው» አለች። «ዓይንህን ካየሁ የምወድቅ መሰለኝ። እያየሁ አላየሁትም ሽቦውን። ኋላ ደግሞ ብመጣስ ምን እለዋለሁ እያልኩ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ።»

«ተቀይሜሽ ነበር። ብዙ ዓመት። ከዚያ መቀየሙም ሰለቸኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጉልበቴን ያመኛል። አንሺኝ።»

ክንዱን ይዛ አነሣችው። ሁለቱም ለመቆም አቃሰቱ።

ሥራው ሰባት ሳምንት ፈጀ። ወንድሟ የመጨረሻውን ደወል ደውሎ እየመጣ ሽቦውን ይወጥርላታል፤ ስትሳሳት «ከሥር፣ ከሥር» ይላታል። አውራ ጣቷ ሲያብጥ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። አንዳንድ ቀን አንድ አበባ ብቻ ይወጣታል። ብዙ አያወሩም፤ ያች ቅዳሜ ያወሩት ለሁለቱም የበቃቸው ይመስላል።

መሐንዲሷ ልታይ መጥታ በጣቷ ስትቆጥር አምስተኛው አበባ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ቅጠል ዘለሉ?»

«አልዘለልኩም። እንዲህ ነው የነበረው።»

«ማን ነው ያለው?»

ወንፊት ወደ ወንድሟ ዞረች። ይናገር እንደሆነ ለእሱ ተወችለት።

«እኔ ነኝ» አለ። «በዚያኛው በኩል ሆኜ አይቼዋለሁ።»

መሐንዲሷ ወዲያው አልገባትም ነበር፤ ሲገባት አንገቷን ደፋች። ከዚያም ግዴታዋ ነውና ያችን ስንዝር ቁራጭ አውጥታ በማጉያ መነጽር መረመረቻት። ጫፏ ላይ ተሰብሯል ብለው የተዉት ሽቦ አልተሰበረም ነበር፤ ሠሪው ራሱ ወደ ኋላ አጥፎ፣ በሞረድ አለስልሶ ጨርሶታል። ስድስተኛው ቅጠል መጀመሪያውኑም አልነበረም። «ይቅርታ አባቴ» አለችው መሐንዲሷ። በእድሳቱ መዝገብ ላይ ስሙን ልትጽፍ ብትጠይቀው ግን «ተይው ልጄ» አላት።

መረቡ በተሰቀለ ቀን ክፍሉ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ሠራተኞቹ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቀው ሲወጡ ወንድሟ በጠያቂዎቹ በር ገባ። በዚያ በኩል ቆሞ አያውቅም። ግራ ቀኙን፣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን አየ።

«እስቲ አንቺ በዚያ ዙሪ» አላት።

ዞራ በእስረኞቹ በር ገባች። በናሱ አበቦች መካከል ፊቱ ተቆራርጦ ታያት፤ እዚህ ዓይን፣ እዚያ ሽበት። በዚህኛው በኩል የክፍሉ ስፋት ሁለት እርምጃ ነው። እሱ ከዚህ ሆኖ በሩን እያየ ስንት ቅዳሜ እንደጠበቃት ለመቁጠር ሞከረችና ተወችው። ዓይኗን ግን ከፊቱ ላይ አላነሣችም፤ እሱን ራሱን እያየች ቆየች።

«ከዚህ ሲያዩት እንዲህ ጠባብ ነው?» አለ ወንድሟ። «እማዬ ይሄንን ነበራ የምታየው።» ፊቱን ወደ በሩ መለሰና «በይ ነይ ውጪ፣ እንሂድ። ርቦኛል» አላት።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ገና ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርሱ እሱ እንቅልፍ ወሰደው፤ እሷም አልቆየች፣ ተከተለችው። ሲነቁ ሰፈራቸውን አልፈው መጨረሻው ፌርማታ ደርሰዋል፤ ሾፌሩ «እናትና አባት፣ ውረዱ እንጂ» ይላል።

«ወንድሜ ነው» አለች ወንፊት፣ ቦርሳዋን እየፈለገች።

ወርደው፣ የሚመለስ አውቶቡስ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ሲዘገይባቸው፣ ቀስ እያሉ በእግራቸው ተመለሱ።