የከብት መኪኖቹ አዲስ መንገድ

መሐንዲሷ እናቷን በልጅነቷ አጥታ አክስቷ ዘንድ ነው ያደገችው። አክስቷ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ምግብ ቤት ነበራቸው። ከግጦሽ አገር ወደ ቄራ በሬ የሚያመላልሱ መኪኖች ዳገቱን ከመያዛቸው በፊት እዚያ ይቆማሉ። ሾፌሮቹ አክስቷን «እናት ጓዳ» ይሏቸዋል። የመሐንዲሷ ደብተርም፣ ጫማም፣ ዩኒፎርምም ከእነሱ ሳህን የወጣ ነው።

አድጋ መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ገባችና የከብት ማጓጓዣውን መስመር የማጥናት ሥራ እሷው ላይ ወደቀ። በጀቱ ለሁለት ነገር አይበቃም፤ ወይ አሮጌውን ዳገት መጠገን ነው፣ ወይ በሜዳው በኩል አዲስ መንገድ ቀድዶ መሐል ላይ ውሃና ማራገፊያ ያለው የከብት ማረፊያ መሥራት። ሜዳውን መረጠች። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ በሬ ይወድቃል፤ የወደቀውን ሌላው ይረግጠዋል፤ ቄራ ሲደርስ ሥጋው በልዞ ግማሹ ይጣላል።

ሜዳው ግን በአክስቷ ደጅ አያልፍም።

ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብላ ጥናቱ ሳይጸድቅ ራሷ ሄደች። አክስቷ ሽንኩርት እየከተፉ አዳመጧትና ቢላዋውን አስቀመጡ።

«አሳድጌሽ አሳድጌሽ ጉሮሮዬን ልትዘጊ መጣሽ?»

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ከሚነግርዎ ብዬ ነው።»

«መስመሩን ትንሽ ወደዚህ ብታጎብጪው ምን ይልሻል? እርሳሱ ያለው በእጅሽ ነው።»

«ወደዚህ ካጎበጥኩት ዳገቱም አብሮ ይመጣል።»

ደጅ ከቆመው መኪና ላይ ሾፌሩ የወደቀ በሬ ለማስነሳት ጭራውን ይዞ ይታገላል። በሬው ዓይኑን አፍጥጦ ያቃስታል። አክስቷ ዞረው አዩት።

«ስንት ዘመን ጀርባዬን ሰጥቼ አበሰልኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ላለማየት።»

ቢላዋውን አንስተው ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ። መሐንዲሷም ወደ መሥሪያ ቤቷ ተመለሰች። ጥናቱን ግን አልቀየረችም።

መንገዱ ተሠራ። በማረፊያው ምግብ ቤት ለመክፈት የአሮጌው ድልድይ ነጋዴዎች ቅድሚያ እንዲያገኙ እሷው አስወስና ስለነበር ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። አክስቷ አሻፈረኝ አሉ። «እኔ ወደ ነዱኝ የምሄድ በሬ ነኝ?» ማለታቸውን ሰማች። ስልኳንም አያነሱም። ሾፌሮች ይተኙባቸው የነበሩትን ክፍሎች ለትምህርት ቤቱ መምህራን አከራይተው ለእነሱ ያበስላሉ አሉ። ገበያው እንደ ድሮው ባይሆንም ጾማቸውን አላደሩም።

ክረምቱ ሲጋመስ ስልኳ ጮኸ።

«ማረፊያሽን አየሁት» አሉ አክስቷ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ። «አንዱ ሾፌር ካላዩት ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ወሰደኝ።»

«እንዴት አገኙት?»

«በሬዎቹ ተኝተው ያመነዥካሉ። ሰው እንኳ እንደዚያ አያርፍም።»



«እትዬ፣ ተቀይመውኝ...»

«አዎ፣ ተቀይሜሻለሁ። ገና አልወጣልኝም። ቅዳሜ ግን ነይ፤ ጣራው ያፈሳል። መሐንዲስ አይደለሽ?»