ሀራ ሃቺ ቡ በኤረር በር

ሰሚራ ያን ቪዲዮ ባታይ ኖሮ የወንድሟ የሪድዋን የኒካህ ምሳ በሰላም ተበልቶ በሰላም ያልፍ ነበር። ግን አየችው! ዋላሂ አየችው፤ አንዴ ካየችው በኋላ ደግሞ ማን ሊያስቆማት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጓደኛዋ ዮዲ ስልኳን አፍንጫዋ ስር ደቀነችላት። «እያት፣ እያት፣ እቺን አሮጊት እያት!» ሴትዮዋ ጃፓናዊት ናት። ኦኪናዋ የሚባል ደሴት ላይ ነው የምትኖረው። መቶ ዓመት አልፏታል። መቶ፣ አቦ! አፏ ውስጥ ጥርስ የሚባል የለም፤ እሷ ግን ጓሮዋ ቁጢጥ ብላ መሬት ትቆፍራለች፣ ከዚያ ማንም ሳይደግፋት ብድግ ብላ ትስቃለች። ምን ነበር የምትቆፍረው? ስኳር ድንች! ሰሚራ መንገድ ላይ ጮኸች፤ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ሳይቀር ዞሮ አያት።

«ዮዲ! ስኳር ድንች ነው! የኛ! የሶፊው!»

«የነሱ ሐምራዊ ነው እኮ።»

«ቀለሙን ተይው አንቺ! ሴትዮዋን እይ!»

ቪዲዮው እንደሚለው የዚያ አገር ሽማግሌዎች ድሮ የሚበሉት ይሄንኑ ስኳር ድንች ነበር፤ ከሱ ጋር ቅጠላ ቅጠል፣ የባሕር ሣር፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ የመሰለ ነገር፣ አንዳንዴ ትንሽ ዓሣ። ሥጋማ ለበዓል ነው። ደግሞ ምግብ ሲቀርብ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ሀራ ሃቺ ቡ።» ሆድህ ጢም ሳይል፣ ትንሽ ቦታ ሲቀረው፣ እጅህን አንሳ ማለት ነው። በቃ!

ሰሚራ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ድቅን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አያቷ፣ አባባ ሙሜ።

አባባ ሙሜ ከከተማ ወጣ ብላ ያለችው የሶፊ ገበሬ ነበሩ። ዕድሜ ሲጫናቸው ልጃቸው ዘምዘም፣ የሰሚራ እናት ማለት ነው፣ በግንብ በታጠረችው ጀጎል ውስጥ፣ ከከተማዋ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ ወዳለው ቤቷ አመጣቻቸው። ከመጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው። የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግደው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ወደ በሩ መውረድ። ከሶፊ ጫትና ስኳር ድንች ይዘው የሚመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ እያቆሙ ይጠይቃሉ። ዝናቡስ? ማን ወለደ? ማንስ ሞተ? ያቺ ከምንጩ በላይ ያለችው መሬቴስ? ሳይወርዱ የዋሉ ቀን ፊታቸው ይጠቁራል፤ ሰው አያናግሩም።

ግን ስኳር አለባቸው። አምና የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ቆስላ አልድን ብላ ተቆረጠች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያኔ ሰሚራ አጠገባቸው ቆማ ሳለ ፊት ለፊት ነገረቻቸው፦ «አባት፣ መድኃኒቱንም ይውሰዱ፤ ግን ምግቡ ልክ ካልያዘ እግሩ ጣቱን ተከትሎ ይሄዳል።»

እግሩ ከሄደ ደግሞ ኤረር በር የለም። ኤረር በር ከሌለ አባባ ሙሜ የሉም። ሰሚራ ይሄን ታውቃለች።

ችግሩ ዘምዘም ናት። የዘምዘም ፍቅር በጭልፋ ነው የሚሰፈረው። የአባቷ ሰሃን ጎደል ሲል ካየች ሳትጠይቅ ትሞላዋለች። ተው ካሏት ደግሞ መልሷ የታወቀ ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል? ዘምዘም አባቷን ከሶፊ አምጥታ አከሳቻቸው ይበሉኝ?»

ሰሚራ አልጠበቀችም፤ ያኑ ቀን ማታ ጀመረች። ሁለት ትንንሽ ስኳር ድንች ቀቀለች፣ ጎመን ቀነጣጥሳ አጠገቡ አደረገች፣ ይዛ ብቅ ስትል እናቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ያ ረቢ! ስኳር ላለበት ሰው ስኳር ድንች?! ልትገድያቸው ነው?»

«ኡሚ፣ ስሙ ነው እንጂ…»

«ስሙ ስኳር ነዋ!»

«ነርሷን ጠይቄያታለሁ! በሩዝና በእንጀራ ላይ ካልተደረበ፣ በልኩ ከሆነ ምንም አይል ብላኛለች። አንቺ ሻያቸው ውስጥ የምትደፊው ነጩስ? እሱን ማን ብለን እንጥራው?»

ነጠላ ጫማው ሲወረወር ሰሚራ ጎንበስ አለች። ለአያቷ መድኃኒት ብላ የያዘችው ሰሃን ግን አልተደፋም፤ እሱንማ አትደፋውም!

በማግስቱ በሌላ በኩል መጣች። ቃሉን ራሳቸው ይልመዱት ብላ። አባባ ሙሜ ነደባው ላይ፣ ያ ምንጣፍ የተነጠፈበት ከፍ ያለ መቀመጫቸው ላይ፣ ተደላድለው «ቢስሚላህ» ብለው ጉርሻውን ሲያነሱ ጠጋ አለች። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ጮክ ብላ፦

«አባባ! ሀራ ሃቺ ቡ!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አዩዋት። ጉርሻውን ወደ ሰሃኑ መለሱ፣ ከዘራቸውን ፈለጉ፣ ወርደው ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሰሚራ ደነገጠች። ተከትላ ወጣች። «አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሽ? በልጄ ቤት፣ ምግብ ላይ ተቀምጬ፣ ዛሬ እዚያ ውረድ አልሽኝ! በገዛ ቋንቋዬ!»

አወይ! ለካ አባባ ሙሜ የሰሙት ኦሮምኛ ነው! «ሃርኣ አቺ ቡኢ»፣ ዛሬ እዚያ ውረድ! ሰሚራ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁና ለቅሶው ተደባለቀባት። እግራቸው ስር ቁጭ ብላ ስልኩን አውጥታ አሮጊቷን አሳየቻቸው። አባባ ሙሜ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ይቺ ሴትዮ ሁለቱም እግሯ አለ?»

«አለ፣ አባባ!»

«ጣቷስ?»

«ሙሉ ነው።»

ሴትዮዋ ስትነሳ ደግመው አዩ። «እና ለሆዳቸው ነው የሚሉት? ዛሬ እዚያ ውረድ?»

«በነሱ ቋንቋ ሌላ ነው ትርጉሙ፤ ግን አዎ፣ ለሆድ ነው።»

«ነቢያችንም ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለውሃ፣ ሲሶው ለትንፋሽ ብለዋል። እና ይሄን ልታመጪልኝ ጃፓን ድረስ ሄድሽ?»

«እርስዎ እያወቁት ለምን ታዲያ ይበላሉ?»

አባባ ሙሜ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን ጫን አደረጉ። «ለእናትሽ ብዬ። ሰሃኑን ስገፋው ዓይኗን አይተሽ ታውቂያለሽ? እሷ ፊት አልችልም።»

«እኔ እችላለሁ!» አለች ሰሚራ።

እንዲህ ተብሎ ነው ወደ ኒካሁ የተገባው።

የሪድዋን ኒካህ ቀን ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከሶፊም ዘመዶች መጡ፤ ከነሱ ጋር የአባባ ሙሜ የልጅነት ጓደኛ ኦቦ ዓብዱላሂ፣ ምላሳቸው ከሚጥሚጣ የሚያቃጥለው። ሩዙ በሥጋ በትሪ በትሪ ገባ። ሳምቡሳው ተከመረ። ጣፋጩ ሐልዋ ደግሞ ያብለጨልጫል፣ ማሻአላህ! ሰሚራ ራሷ ምራቋን ዋጠች፤ ግን አያቷ አጠገብ ተለጥፋ ተቀመጠች።

አባባ ሙሜ ቀስ ብለው በሉ። እያላመጡ፣ ውሃ እየተጎነጩ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሰሃናቸው ላይ ገና ሩዝ ነበር።

ዘምዘም በሰው መሃል እንደ ጭልፊት አየቻቸው። ጭልፋዋን ሞልታ መጣች። «አባ፣ ምነው? አልጣመዎትም? ይሄን ብቻ!»

ጭልፋው ሲዘነበል ሰሚራ እጇን ሰሃኑ ላይ ዘረጋች። ትኩሱ ሩዝ እጇ ላይ ወረደ። አቃጠላት፣ አቦ፣ እንዴት አቃጠላት! አላነሳችውም።

የሚጎርሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«እጅሽን አንሺ» አለች ዘምዘም በጥርሷ መሃል።

«አላነሳም።»

«ሰሚራ! በእንግዳ ፊት!»

«በእንግዳ ፊት አላነሳም!»

«ሱብሃነላህ፣ የዛሬ ልጅ!» አለች አንዷ ከጥግ። ኦቦ ዓብዱላሂ ደግሞ ጢማቸውን እየጠራረጉ፣ «ሙሜ! የሶፊው ነብር! አሁን በልጅ ልጅህ ፈቃድ ነው የምትጎርሰው?» አሉ። ሰው ሳቀ።

ሰሚራ ወደ እናቷ ቀና አለች። «ኡሚ፣ ሰው ምን ይለኛል ትያለሽ። እግራቸው ሲቆረጥስ ሰው ምን ይላል? ይሄ ሁሉ እንግዳ እየተፈራረቀ ኤረር በር ተሸክሟቸው ይወርዳል? ማን ነው የሚሸከመው? ይነሳ እስቲ!»

ማንም አልተነሳም። የዘምዘም ጭልፋ ግን ትሪው ላይ ወድቆ ጮኸ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለች። «ሶፊ ዝናብ በቀረ ጊዜ ያቺኑ አንድ ስኳር ድንች ለሁለት ስንበላ፣ ጠግቤያለሁ እያሉ ወደኔ ይገፏት ነበር። አልጠገቡም! ልጅ ብሆንም አውቅ ነበር! ዛሬ አላህ ሰጥቶኝ ላጥግባቸው ስል፣ ወንጀል ሆነብኝ?»

ለሰሚራ ይሄን ማንም ነግሯት አያውቅም። እጇ ሩዙ ስር ነው፣ ዓይኗ እናቷ ላይ። ግን አሁንም አላነሳችውም።

ያኔ ነው አባባ ሙሜ ጉሮሯቸውን የጠረጉት። ሰሃኑን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ወደ ፊት ገፉት፣ ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ፦

«ሃርኣ አቺ ቡኢ!»

ኦቦ ዓብዱላሂ ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሱ። «እኔን ነው?»

«አንተን አይደለም፣ ቁጭ በል! ሆዴን ነው!»

የሶፊ ሰዎች ፈነዱ። ሳቁ ነደባውን ዞረው፤ ነገሩ ያልገባቸው ሳይቀሩ ሳቁ። አባባ ሙሜ ግን አልሳቁም። የሰሚራን እጅ ከሩዙ ስር አውጥተው ቀዩን ቆዳ እፍ አሉላት። ከዚያ ሰሃኑን ዘምዘም ፊት አስጠጉት።

«ልጄ፣ ያኔ ዋሽቼሻለሁ። ዛሬ ግን እውነቴን ነው። ጠግቤያለሁ። ነይ፣ እንደ ድሮው የቀረችውን ብይ።»

ዘምዘም ቆማ ቀረች። ከዚያ ቁጭ አለች። ጎረሰች። እንባዋ እየወረደ ጎረሰች፤ ግን አፏ ሞልቶም አልተሸነፈችም። «ይቺ ጃፓን የምትሏት ትምጣና ይሄን ሁሉ ሰሃን ትጠብ!»

የዐስር ሶላት ተሰግዶ አበቃ። አባባ ሙሜ ከዘራቸውን አነሱ። ሰሚራ እጇን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከጎናቸው፣ ኦቦ ዓብዱላሂ ሆዳቸውን ይዘው እያቃሰቱ ከኋላ፤ ወደ ኤረር በር ጠባቧን መንገድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ከበስተጀርባ የጫማ ድምፅ ሰሙ። ዘምዘም ናት፤ በላስቲክ የተቋጠረ ሐልዋ አንከርፍፋ ትሮጣለች።

«አባ! አባ! ለመንገድ! ትንሽዬ ናት!»

አያትና የልጅ ልጅ እኩል ዞሩ። እኩል ጮኹ። አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዷ በጃፓንኛ። ግንቡ ላይ የተቀመጡት እርግቦች ሁሉ ብድግ አሉ።

ኦቦ ዓብዱላሂ ብቻ እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ጃፓን አይደለሁም» አሉ፤ «ለኔ አምጪው።»