ሁለት አንባቢ በአንድ ካርድ

ሳዲያ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ግን አንድም መጽሐፍ ራሷ አንብባ ጨርሳ አታውቅም ነበር። ካዛንቺስ በኖረችባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት የሚያነቡላት ጎረቤቷ እትዬ ሸዋአየሁ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ታይፒስት፣ እሷ ከወሎ መጥታ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ። ከሰዓት በኋላ ሳዲያ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ፣ እትዬ ሸዋአየሁ ደፏ ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያነባሉ። ታሪኩ ሲከፋ ሳዲያ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች።

«አንቺ ስፊ! ገና መች አየሽና!» ይሏታል።

ሰፈሩ ሲፈርስ እትዬ ሸዋአየሁ ከልጃቸው ከሉሊ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም ገቡ። ሳዲያ መስቀል ፍላወር ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። በስልክ ለማንበብ ሞከሩ፤ ኔትወርኩ ቃል እየቆረጠ አላስኬድ አላቸው።

በዚህ መሃል እትዬ ሸዋአየሁ አባል የሆኑበት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በስልክ የሚያስነብብ አፕ አወጣ። ሳዲያ ስልኳን ይዛ ሄደች፤ ሳምራ የምትባል ሠራተኛ ጫነችላት።

«የራስዎን የአባልነት ካርድ ላውጣልዎት?»

«አይ፣ በእትዬ ሸዋአየሁ ይሁን። አብረን ነው የምናነበው።»

«ማለቴ፣ በአንድ አካውንት ከሆነ እሳቸው የደረሱበት ገጽ እርስዎ ስልክ ላይም ይመጣል። ግራ እንዳያጋባዎት።»

«በቃ፣ እሱን ነው የምፈልገው» አለች ሳዲያ።

እንዲህ ሆነ። እትዬ ሸዋአየሁ ጠዋት ያነባሉ። ሳዲያ ሥራዋን ስትጨርስ ስልኳን ትከፍትና «እስከ ገጽ 84 ተነቧል» የሚለውን አይታ ትከተላለች። በጣቷ መስመር እየተከተለች ስለምታነብ ገጹ ያለ ፈቃዷ እየተገለበጠ አስቸገራት፤ ቀስ በቀስ ለመደችው። ከዚያ ይደዋወላሉ። መጽሐፉ የአንዲት የደሴ አዋላጅ ታሪክ ነበር። ሳዲያ የምታውቀው ቀበሌ ሲነሳ ስለ ሰፈሩ ታወራለች፣ እትዬ ሸዋአየሁ ይስቃሉ።

አንድ ሰሞን ስልካቸውን ሉሊ ማንሳት ጀመረች። «ጉንፋን ነው፣ ድምጿ ተዘግቷል» አለች። ሳዲያ ተጨነቀች። ግን አፑን ስትከፍት ገጹ ወደፊት ሄዷል፦ ለመጨረሻ ጊዜ ካወሩበት ከ112 ተነስቶ 131 ደርሷል። «ካነበቡማ ደህና ናቸው» ብላ ራሷን አጽናናች።

ገጽ 131 ላይ የአዋላጇ የራሷ ልጅ ይሞታል። ሳዲያ አልቅሳ ስልኩን አቅፋ ጠበቀች። እትዬ ሸዋአየሁ አልደወሉም። ለዚህ እንኳ ሳይደውሉ? በማግስቱ አፑን ከፈተች፦ 150። ወዲያው ዘግታ ስትከፍተው 170። ሃያ ገጽ በአንድ ደቂቃ የሚያነብ ሰው የለም።

የያዘችውን ሥራ ጥላ በታክሲ ገላን ወረደች።

በሩን የከፈተችው ሉሊ እንዳየቻት ፊቷ ተለዋወጠ። እትዬ ሸዋአየሁ አልጋ ላይ ናቸው። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጎትቷል። ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ሳምንት አልፏል። ሳዲያን ሲያዩ ድምፅ አወጡ፤ ቃል ግን አልሆነም።

«ገጹን የምገለብጠው እኔ ነኝ» አለች ሉሊ እንባዋን እየጠረገች። «በግራ እጇ ስልኩን እያሳየችኝ ታለቅሳለች። እርስዎ ገጹ ቆሞ አይተው እንዳይሰጉ ማለቷ ነው ብዬ ገለበጥኩላት። እሷ ግን አሁንም ታሳየኛለች።»

ሉሊ ሾርባ ልታሞቅ ወጥ ቤት ገባች። ሳዲያ የእሳቸውን ስልክ አነሳችና ወደ ገጽ 112 መለሰችው። ማንበብ ጀመረች፤ እየተንተባተበች፣ እንደ ልጅ። የእትዬ ሸዋአየሁ ትንፋሽ ረጋ። ገጹን ጨርሳ ቀና ስትል፣ ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ ስልኩ አመለከተ።

ሳዲያ ያኔ ገባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የለመኑት እንዲነበብላቸው ኖሯል። መጽሐፉ እዚያው ዓይናቸው ሥር ሳይነበብ ተገልብጦ ሊያልቅ ነበር።

«እንዳይሰጉ ብላ ነው አይደል?» አለች ሉሊ ሾርባውን ይዛ ስትመለስ።

ሳዲያ አየቻት። ልጅቱ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።

«አዎ ልጄ» አለቻት። «ለእኔ ብለው ነው።»

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ እየሄደች አነበበችላቸው። አርባ ገጽ ያህል ሲቀር የውሰት ጊዜው አለቀና መጽሐፉ ከስልኩ በራሱ ጠፍቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰ፤ ወረፋም ነበረው። ሳዲያ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ሄዳ ለመነች።

«ሲስተሙ ነው የሚያዘው፣ እትዬ» አለች ሳምራ አዝና። «ወረፋ አስይዤላችኋለሁ፤ ሦስት ሰው ይቀድማችኋል። ሌላ መጽሐፍ ላውርድላችሁ?»

ሌላ አወረደችላቸው። ሳዲያ ስትጀምረው እትዬ ሸዋአየሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ቀን እጃቸውን ይዛ ዋለች። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት አረፉ። ሳዲያ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች። ለቀስተኛው በምን ትዛመዳላችሁ ሲላት «ጎረቤት ነን» አለች።

ከአርባው በኋላ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፦ «ወ/ሮ ሸዋአየሁ፣ ወረፋ የያዙለት መጽሐፍ ደርሷል። በሦስት ቀን ውስጥ ይውሰዱ።»

ሁለት ቀን ሳትነካው ቆየች። በሦስተኛው ወሰደችውና የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የቀረውን ለብቻዋ አነበበች። አዋላጇ ታረጃለች፤ እሷ ያዋለደቻቸው ሰዎች ይቀብሯታል። ሳዲያ የመጨረሻውን ገጽ ጨርሳ፣ ሳታስበው በለመደ እጇ እትዬ ሸዋአየሁ ስልክ ላይ ደወለች።

«ሄሎ፣ እትዬ ሳዲያ?» አለች ሉሊ።

ሳዲያ ስልኩን ከጆሮዋ ነጥላ የደወለችበትን ስም አየች።

«እየሰማሁዎት ነው። ምነው፣ ደህና አይደሉም?»

«ደህና ነኝ ልጄ። እንዴት ዋልሽ ልልሽ ነው።»