በዚህ ስም የተመዘገበ የለም

ይኸው ደግሞ፣ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ቀዩ ጽሑፍ፣ አይጻፍም ይለዋል፣ ለምን አይጻፍም፣ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ጽፏል፣ ቀኑን ጽፏል፣ የወረዳውን ስም ጽፏል፣ ሜተድ የሚሉት የሥራ ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ግን እንደ በቅሎ ይገተራል። አለምነው አራት ዓመት ሙሉ ጃቫ የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማረው ለዚህ ነው? ወላሂ ለዚህ ነው።

መካነ ሰላም ላይ መብራት ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለው ይሄዳል፣ እና ፕሮግራሙ የደረሰበትን ፋይል ላይ አስቀምጦ መብራት ሲመጣ ከዚያው እንዲቀጥል ብሎ፣ ብልጥ ነኝ ብሎ፣ ቀጥሎ የሚሠራውን ትእዛዝ ራሱን፣ ስሙን ሳይሆን ዕቃውን እንዳለ ጠቅልሎ ሊያስቀምጥ። አይቀመጥማ! ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ ስድስት፣ ከሳዑዲ የተባረሩት ሁሉ ስማቸው እዚህ ቢሮ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ አልከፈትም ብሏል፣ ከኋላው አግዳሚ ላይ ደግሞ እማማ በዛች ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል፣ ከወግዲ ሲመጡ ሦስተኛቸው፣ ልጃቸው ሰብሌ ተመልሳ እንደሁ ሊጠይቁ፣ ሁለቴ የለችም ተብለው ሄደዋል።

አገኘህልኝ ልጄ? ኧረ ይቆዩ እማማ፣ ማሽኑ ነው። ምን ሆነ? ታመመ። ውይ፣ ምሕረቱን ያምጣለት። ምሕረት! ለዚህ ብረት!

እሺ። እሺ፣ ረጋ በል። ዕቃውን ተወው፣ ስሙን ብቻ ጻፍ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ በስሙ ጠርቶ ይፈልገው፣ ይኸው ጻፈ፣ ፋይሉ ተቀበለ፣ አጠፋው፣ አስነሣው፣ እና፣ ምን? በዚህ ስም የለም? እንዴት የለም፣ ዓይኑ እያየ፣ እዚሁ ተጋድሞ! ኧረ አንተ ደነዝ፣ ትናንት የትእዛዙን ስም የለወጥከው ራስህ፣ ዛሬ በድሮው ትጠራዋለህ። ዕቃውማ አለ። ስሙ ነው ሌላ የሆነው።

እጁ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ዕቃውማ አለ።

እማማ፣ ሰብሌ ስትሄድ ፓስፖርቷ ላይ ማን ተባለች?

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። የላካት ደላላ ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎኝ፣ በክርስቲያን ስም ቪዛ አይወጣም ብሎ፣ ብናገር ያስሩብኛል ብዬ፣ ልጄ፣ ዘሃራ አላት፣ ዘሃራ ይማም።

ታዲያ ይሄን! ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ይሄን! ሊጮህ ነው፣ ዋጥ አደረገው፣ ቢጮህ ማን ላይ፣ ትእዛዙን በአዲሱ ስም አርሞ አስነሣው፣ ተነሣ፣ ዘሃራ ይማም ብሎ ጻፈበት፣ አገኘ፣ የትውልድ ቦታ ወግዲ፣ ፎቶው ከላይ ወደ ታች እየተንቀራፈፈ ይወጣል፣ ግንባር፣ ዓይን፣ ኧረ ቶሎ በል፣ አፍንጫ፣ እማማ በዛች መቼ ከአግዳሚው እንደተነሡ አላየም፣ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነው፣ እሷ ናት፣ እሷ ናት የኔ ጌታ፣ ከሥሩ ምን ይላል?

አለምነው ያነብላቸዋል። አዲስ አበባ፣ መጠለያ ውስጥ፣ ጤንነቷ ደህና፣ ከገባች ሁለት ወር። አንድ መስመር ይቀራል፣ ያንን ባያነብ በወደደ፣ እሳቸው ግን አፍ አፉን እያዩት ነው።

ጠያቂ ዘመድ፣ የለም።