መላሽ ቁጥር ሰባት

ጉዴ የፈላው የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ጥናቴን ከኋላ ጀምረው ሲያገላብጡ ነው። ከኋላ ያለው ሰንጠረዡ ነው።

የሶሺዮሎጂ መመረቂያ ጥናቴ ስለ ልብስ ስፌት ሠራተኞችና አለቆቻቸው ነው። አማካሪዬ «ብቻሽን ተወጪው» ብለው ለቀቁኝ፤ እኔም እኔ ነኝ ያልኩ ተመራማሪ ሆንኩ። አሥራ ሁለት ሴቶች አነጋገርኩ፤ በስማቸው ፈንታ ቁጥር ሰጠኋቸው። «ማንም አያውቃችሁም» ብዬ ማልኩላቸው። መጨረሻ ላይ ግን የተማርኩ መምሰል አማረኝና ዕድሜያቸውን፣ የሥራ ክፍላቸውንና የአገልግሎት ዘመናቸውን በሰንጠረዥ ደረደርኩት። ፋብሪካው አንድ ቅጂ ካልሰጠሽ ስላለኝ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ አመጣሁ።

ኃላፊው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ቁጥር ሰባት። ሃምሳ አንድ ዓመት፣ ቆረጣ ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ቆረጣ ክፍል ሃምሳ ያለፋት ሴት ስንት አለች?»

አንድ ናት። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። «የአደጋ መውጫውን በር በሥራ ሰዓት ይቆልፉብናል፤ እሳት ቢነሳ እዚያው ማለቃችን ነው» ያለችኝን ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ስልኩን አነሡ። «ከቆረጣ ክፍል አንዲት ሴት ጥሩልኝ...»

«የለችም!» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ሰው ጎደለኝና ከራሴ ሞላሁት።»

ስልኩን ቀስ ብለው መለሱት። «እንግዲያው ይህንኑ ጻፊና ፈርሚ። ለትምህርት ክፍልሽ እልከዋለሁ።»

ጻፍኩ። መረጃ የፈጠረ ተማሪ እንደሚባረር አውቃለሁ፤ ለመመረቅ የቀረኝ አንድ ወር ነበር። ቢሆንም ስፈርም ቀለል አለኝ። እሷ ተርፋለች።

ስወጣ የምሳ ደወል ተደወለ። አክስቴ ሽርጧ ላይ የጨርቅ ብናኝ እንደተለጠፈ እየሳቀች ወደ በሩ መጣች።

«አስረከብሽው የኔ ተመራማሪ? ፊትሽ ምነው እንዲህ ገረጣ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«እኔማ ደስታዬን መቻል አቃተኝ! ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ፣ የበሩንም ነገር ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ለክፍሉ ሁሉ ነገርኳቸው። አለቃችን እንኳ ሥራውን አቁሞ ሲሰማኝ ነበር።»