በጓሮ የገባው

ሰበታ ላይ ወሬ ከጠፋ ቦሰና ታማለች ማለት ነው፤ ይሄን የማያውቅ የለም። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቷ መንገድ ዳር ናት፤ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የገባ ሁሉ የሰፈሩን ጉድ ሰምቶ ይወጣል። የራቢአን ግን ዋጥ አድርጋው ነበር። ራቢአ የጓሮ ጎረቤቷ ናት። የፍቺ ማመልከቻዋን እያለቀሰች አስጽፋ "አደራ" ብትላት፣ ቦሰና ለትራሷም አልነገረች።

ታዲያ አንድ የማይታወቅ ሰው ያንኑ ማመልከቻ በራቢአ ስልክ አይልክላት መሰለህ። "የምልሽን ካላደረግሽ ለአማቶችሽ ነው የምልከው" ይላል።

ራቢአ መጥታ ስልኩን አሳየቻት። አልጮኸችም። "እኔ ከአንቺ ሌላ የነገርኩት ሰው የለም፣ ቦስ" ብላ ወጣች። ጨው ሲያልቅ፣ ወጥ ሲያጥር የሚመላለሱባትን የጓሮ በር ከወዲያ በኩል ቆለፈቻት።

ቦሰና ምን ትበል? ምላሰኛ ዝም ያለች ቀን ማን ያምናታል። ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ቀይ የማስጠንቀቂያ ሳጥኑን ብቅ አደረገ፤ እሷም እንደ ልማዷ ልታባርረው እጇን ሰደደች። እኔ ካልነገርኩ ማን ነገረ? እጇን መለሰችና ስልክ ደውላ፣ የራቢአን ስም ሳትጠራ የሆነውን ነገረች።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ኦቦ ጂሬኛ ከቡራዩ መጣ፤ የሰው ማሽን ሲያክም የዋለበት ድካም ፊቱ ላይ ነው።

"ይሄ ቀይ ነገር መቼ ጀመረ?"

"ኧረ ቆየ። እንደ ነገረኛ ጎረቤት ሲነዘንዘኝ፣ 'ፍቀድ' የሚለውን እጫንና ዝም ይላል።"

ጂሬኛ ከሁሉ በፊት የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ። "ምን ጭነሽበት ነበር?"

"የአማርኛ መጻፊያ። በፍላሽ፣ በነጻ። 'መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፊው፣ አለዚያ አይጫንም' አሉኝ የሰጡኝ ልጆች።"

ጂሬኛ ዓይኑን አሻሸ። "ሌባ 'ውሻሽን እሰሪልኝ' ቢልሽ ታስሪለታለሽ?"

"ሌባ ነኝ መች አለኝ?"

"መጻፊያው ሌላ ነገር አዝሎ ገባ። ገብቶ ከውስጥ የጓሮ በር ከፈተ። በዚያ በር ሰውየው እንደ ፈለገ እየገባ ፋይልሽን ይወስዳል። አንቲቫይረሱ ተመልሶ ሲነቃ በዚያ ቀይ ሳጥን ሊነግርሽ ሲል አንቺ አፉን ያዝሽው።"

"ይጥፋላ።"

"ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሁሉንም ጠርጌ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። አንቺ የይለፍ ቃልሽን በሌላ ንጹህ ስልክ ቀይሪ። ሁለተኛ ቀይ ካየሽ 'ፍቀድ' የለም፤ ገመዱን ንቀይና ደውይልኝ።" ቦርሳውን አነሳ። "የወሰደውን ግን እኔ አልመልሰውም። ወረቀታቸው እዚህ ለነበረ ሁሉ ንገሪ። ያቺም ሴትዮ ለሚያስፈራራት ሰው መልስ አትስጠው፤ መልእክቱን ሳታጠፋ ለፖሊስ ታሳይ።"

"ለሁሉም ልንገር?"

"ወሬ ማዳረስ መች ያቅትሻል።"

ቦሰና አልሳቀችም።

ዕድሜ ልኳን የሰው ወሬ ያዞረች ሴት የራሷን ተሸክማ ወጣች። እግሯ በልማድ ወደ ጓሮ ወሰዳት፤ ዝግ ነው። ጭቃውን ዞራ፣ እንደ እንግዳ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳች።

"ማነው?"

"ቦሰና ነኝ። አፌ አይደለም ራቢአ፤ ማሽኔ ነው። ለሌባው በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ።"

በሩ ገርበብ አለ። ራቢአ "ግቢ" አላለቻትም፤ በርጩማ አውጥታ ደጁ ላይ አስቀመጠች።

"ተቀመጪ" አለች። "ለሌላ ሰው ሳታወሪው፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"